ኳስ ወደ ቅርጫት ሲወረውሩ የልጆችን አወራወር ስለ መመዘን

ቁም ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር፥ ደቀ መዝሙሩ የጻፈውን ፊደል ብቻ አይመለከትም። ብርዑን እንዴት እንደ ያዘ፥ ክንዱን በምን ላይ እንዳሳረፈ፥ ብራናውን ወዴት እንዳዘነበለ አስቀድሞ ያያል። ፊደሉ አንድ ቀን እንዲያው ሊያምር ይችላልና፤ አያያዙ ያልቀና እጅ ግን የዛሬውን ውበት ነገ ሊደግመው አይችልም። ብርዑን በሚገባ የያዘ ልጅ ደግሞ፥ ፊደሉ ዛሬ ቢጣመም ነገ እንደሚቀና መምህሩ ያውቃል። ሰውነትን በጨዋታ ማሠልጠንም ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በብዙ ተማሪ ቤት ግን የቅርጫት ኳስ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ፥ መምህሩ ልጆቹን አሰልፎ ለእያንዳንዱ 5 ጊዜ ያስወረውራል፤ የገባውን ቈጥሮ በመዝገቡ ይጽፋል፤ ምርመራውም በዚህ ያበቃል። ይህ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን ይጐድለዋል። ስለ ምን ፍትሕ እንደሚጐድለው፥ በእርሱም ፈንታ ልጁን እንዴት አድርጎ መመዘን እንደሚገባ፥ ከዚህ በታች በየተራው ይገለጻል።

1ኛ፤ ስለ ጨዋታው መነሻ

በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የተቈጠሩት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ያወጣው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል በካናዳ የተወለደ መምህር ነው። በ1891 ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ባለ ተማሪ ቤት ያስተምር ነበር። ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ ደቀ መዛሙርቱ ከቤት መውጣት አልተቻላቸውም፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚሆን ጨዋታ እንዲፈልግላቸውም አለቃው አዘዘው። ኔይስሚዝ የኮክ ፍሬ የሚያዝባቸውን 2 ቅርጫቶች ወስዶ፥ በአዳራሹ ሰገነት መከታ ላይ በወዲያና በወዲህ ሰቀላቸው። የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ፥ ማለት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ስለ ነበረ፥ ያ ልክ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ቀርቷል። ለጨዋታው 13 ሕግ ጻፈለት፤ 18ቱን ደቀ መዛሙርትም 9ኝ 9ኝ አድርጎ ከፈላቸው። በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ የገባው ኳስ አንድ ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል።

ኔይስሚዝ ቅርጫቱን በምድር ላይ ወይም በግድግዳ ፊት ያላቆመበት፥ ከራስ በላይ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ የሰቀለበት ምክንያት ነበረው። ዒላማው ፊት ለፊት ቢሆን ተጫዋቹ ኳሱን በኀይል ይወረውራል፤ በኀይል መወርወርም ጕዳትን ያመጣል። ዒላማው ከላይ ሲሆን ግን ኳሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። በልጅነቱ በአገሩ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሌላ ድንጋይ የሚያወርዱት ጨዋታ ነበረ፤ በዚያም ጨዋታ በኀይል ከሚወረውረው ይልቅ ከፍ አድርጎ በልክ የሚጥለው እንዲረታ አይቶ ነበር። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከመነሻው የልክ ጨዋታ እንጂ የጕልበት ጨዋታ አይደለም። መምህሩ ይህን ካስተዋለ፥ የሚመረምረው ነገር ምን እንደ ሆነ ግማሹን ዐወቀ ማለት ነው።

2ኛ፤ የገባውን ብቻ መቍጠር ስለ ምን እንደማይበቃ

ለምሳሌ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ተመረመሩ እንበል። አንደኛው በቁመቱ ከባልንጀሮቹ የላቀ፥ ክንዱም የበረታ ወንድ ልጅ ነው። ኳሱን በመዳፉ አቅፎ፥ ክርኑን ወደ ጐን አውጥቶ፥ እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። ኳሱ ሰሌዳውን መትቶ፥ ቀለበቱን አንቀጥቅጦ ከ5ቱ 3 ጊዜ ይገባል። ሁለተኛይቱ ቀጭንና አጭር ሴት ልጅ ናት። እግርዋን አስተካክላ ትቆማለች፤ ጕልበትዋን አጥፋ ትነሣለች፤ ኳሱም ቀጥ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከ5ቱ 4 ጊዜ ቀለበቱ ዘንድ ሳይደርስ ይወድቃል። መምህሩ በመዝገቡ ለአንደኛው «መልካም»፥ ለሁለተኛይቱ «ደካማ» ብሎ ይጽፋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ልጅቱ «ደካማ» መባልዋን ሰምታ ከሜዳው ትርቃለች። ልጁ ደግሞ «መልካም» ተብሏልና የሚያርመው ነገር ያለው አይመስለውም፤ ዓመት ሁለት ዓመት አልፎ ከሩቅ መወርወር ሲገባው ግን ያ አወራወር ይከዳዋል፤ በዚያን ጊዜ ልማዱ ስለ ጸና ማቅናቱ ብዙ ድካም ይጠይቃል። አንድ ቍጥር ሁለቱንም ጐዳ ማለት ነው፤ አንዲቱን በማሳፈር፥ ሁለተኛውን በማታለል።

ቍጥሩ የሚያስትባቸው ምክንያቶች 3 ናቸው።

የመጀመሪያው ዕድል ነው። አንድ ልጅ ዘወትር ከሁለት ውርወራ አንዱ ይገባለታል እንበል፤ ይህ ልጅ ሳንቲም ወደ ላይ እንደሚጥል ሰው ነው። ሳንቲም 5 ጊዜ ቢጣል ሊወድቅ የሚችልበት መንገድ 32 ነው፤ ከ32ቱ በ6ቱ መንገድ የሰው መልክ ያለበት ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ወይም ከቶ ሳይታይ ይቀራል፤ በሌላው 6 መንገድ ደግሞ 4 ጊዜ ወይም 5 ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ያው አንድ ልጅ፥ ያው ችሎታ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፥ ሰኞ ከ5ቱ 1፥ ማክሰኞ ከ5ቱ 4 ሊያስገባ ይችላል። በ5 ውርወራ ቍጥር ብቻ የሚፈርድ መምህር በሳንቲም እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ሁለተኛው አካል ነው። ለረጅምና ለብርቱ ልጅ ቅርጫቱ ቅርብ ነው፤ ለአጭርና ለቀጭን ልጅ ሩቅ ነው። ቍጥሩ ዕድሜንና ቁመትን እንጂ ትምህርትን አይገልጥም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በቅርብ ቆሞ የሚወረውር ልጅ በማናቸውም ዓይነት አወራወር ሊያስገባ ይችላል፤ ጥፋቱ የሚታየው ርቀቱ ሲጨመር ነው።

3ኛ፤ ኳሱ ወደ ቀለበቱ ስለሚገባበት መንገድ

የቅርጫቱ ቀለበት ስፋቱ በውስጥ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ታላላቆች የሚጫወቱበት ኳስ ከዳር እስከ ዳር 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሰማ ሰው፥ ቀለበቱ ለኳሱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ ከጐደለው መግባቱ ቀላል ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው በቀጥታ ከላይ ለሚወርድ ኳስ ብቻ ነው።

መምህሩ ይህን በሰፌድ ሊያሳያቸው ይችላል። ሰፌዱን በምድር ላይ አስቀምጦ ልጆቹ ከላይ ቁልቁል ይመልከቱት፤ ክብ ሆኖ ይታያቸዋል። ቀጥሎ ሰፌዱን በዓይናቸው ትክክል ከፍ አድርጎ ጋደም ባለ አኳኋን ይያዝላቸው፤ በዚያን ጊዜ እንደ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያቸዋል። ለኳሱም ቀለበቱ እንደዚሁ ነው። ኳሱ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ቢወርድ የሚያገኘው ቀዳዳ 39 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ45 ዲግሪ ቢወርድ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ቢወርድ ግን 22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሚሆን፥ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኳስ ቀለበቱን ሳይነካ ሊያልፍ ከቶ አይችልም።

እንግዲህ ኳሱን አጋድሞ በኀይል የሚወረውር ልጅ ራሱ በሩን ያጠብባል፤ ከፍ አድርጎ የሚወረውር ልጅ ደግሞ በሩን ያሰፋል። ይሁን እንጂ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ኳስ ብዙ ጕልበት ይፈልጋል፤ ብዙ ጕልበት ባለበትም ልክን መጠበቅ ያስቸግራል። ስለዚህ መካከለኛው ከፍታ ይመረጣል። መምህሩ ልጁን ሲመረምር፥ ኳሱ ገባ ወይስ አልገባም ከማለቱ በፊት፥ በምን መንገድ ሄደ ብሎ መጠየቁ ስለዚህ ነው።

4ኛ፤ በልጁ ሰውነት ላይ ስለሚታዩት 5 ምልክቶች

መልካም አወራወር ከእግር ተነሥቶ በጣት ጫፍ ይጨረሳል። በመካከሉ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት ስለማይቻል፥ በ5 ምልክት መክፈል ይጠቅማል።

አንደኛው ምልክት አቋቋም ነው። እግሮቹ በትከሻው ስፋት ልክ ይራራቁ፤ በሚወረውርበት እጅ በኩል ያለው እግር ጥቂት ይቅደም፤ ጕልበቶቹ ጥቂት ይታጠፉ። እንዲህ ያልቆመ ልጅ ሲወረውር ሰውነቱ ይወላገዳል፤ ኳሱም እንዲሁ።

ሁለተኛው አያያዝ ነው። ኳሱ በጣቶቹ ላይ ይረፍ እንጂ በመዳፉ ላይ አይጣበቅ። የሚወረውረው እጅ ከኳሱ በታችና በኋላ ይሁን፤ ሁለተኛው እጅ በጐን ሆኖ ይደግፍ እንጂ አይግፋ። ሁለተኛው እጅ ሲገፋ ኳሱ ወደ ጐን ያመልጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀር ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ክርንና ዓይን ነው። ክርኑ ከኳሱ በታች ሆኖ ወደ ቅርጫቱ ያመልክት፤ ወደ ጐን አይውጣ። ዓይኑ ኳሱ እስኪለቀቅ ድረስ ከቀለበቱ ላይ አይነሣ።

አራተኛው አነሣሥ ነው። ጕልበት ሲዘረጋ ክንድም አብሮ ይዘርጋ፤ በመካከሉ መቆም አይኑር። ኀይሉ ከጭን ወደ ወገብ፥ ከወገብ ወደ ትከሻ፥ ከትከሻ ወደ እጅ እንደ ውሃ በቦይ ይውረድ። የጭን ሥጋ ብርቱ ነው፤ ክንድ ግን ደካማ ነው። ኀይሉን ሁሉ ከክንዱ የሚያወጣ ልጅ ክንዱ ለልክ የሚሆን ዕረፍት አያገኝም፤ ሲደክመውም ኳሱ ሳይደርስ ይወድቃል።

አምስተኛው አጨራረስ ነው። ኳሱ በመጨረሻ የሚለቀው ከአመልካችና ከመካከለኛው ጣት ጫፍ ነው፤ የእጁ አንጓ ወደ ፊት ይታጠፍ፤ ክንዱም ኳሱ ቅርጫቱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ እንደ ተዘረጋ ይቆይ። አንጓው በሚገባ ከታጠፈ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ ቀለበቱን ወይም ሰሌዳውን ሲነካ የወደ ፊት ሩጫው ስለሚቀንስ፥ ነጥሮ ከመራቅ ይልቅ ወደ ውስጥ መውደቅ ይቀለዋል። መምህሩ በኳሱ ላይ በቀለም አንድ መስመር ቢያሰምርበት ሽክርክሩን ከሩቅ ሊያይ ይችላል።

5ኛ፤ ስለ አመለካከትና ስለ መዝገብ

ኳስ ሲወረወር የሰው ዓይን በተፈጥሮው ኳሱን ይከተላል። መርማሪው ግን ዓይኑን ከኳሱ ነቅሎ በልጁ ላይ ማኖር ይገባዋል። ውርወራው ከአንድ ወይም ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥምና፥ በአንዱ ውርወራ ሁሉን ላየው ቢል ምንም ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ውርወራ እግሩን ብቻ ይመልከት፤ በሁለተኛው አያያዙን፤ በሦስተኛው ክርኑንና ዓይኑን፤ በአራተኛው አነሣሡን፤ በአምስተኛው አጨራረሱን። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ 5 ውርወራ ይድገመው።

የሚቆምበትም ስፍራ መለዋወጥ አለበት። ጕልበትን፥ አነሣሥንና የኳሱን ከፍታ ለማየት ከጐን 5 ወይም 6 ርምጃ ርቆ ይቁም። ክርንንና ሁለተኛውን እጅ ለማየት ከፊት ወይም ከኋላ ይቁም። ከአንድ ስፍራ ብቻ የሚመለከት መርማሪ ግማሹን ብቻ ያያል።

በመዝገቡም ሁለት ዓምድ ይስመር። በአንደኛው ዓምድ የአወራወሩን ዋጋ ይጻፍ፤ ምልክቱ ዘወትር ከታየ 2፥ አንዳንድ ጊዜ ከታየ 1፥ ከቶ ካልታየ 0 ይስጠው፤ ከ5ቱ ምልክት ድምሩ 10 ይሆናል። በሁለተኛው ዓምድ የገባውን ኳስ ቍጥር ይጻፍ። ሁለቱን ዓምድ ግን ደምሮ አንድ ቍጥር አያድርጋቸው፤ የሚናገሩት ነገር ልዩ ልዩ ነውና።

በላይ የተነገሩት ሁለት ልጆች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ እንዲህ ይሆናል። ወንዱ ልጅ በአቋቋም 2፥ በአያያዝ 1፥ በክርንና በዓይን 0፥ በአነሣሥ 1፥ በአጨራረስ 0፥ በድምሩ 4 ያገኛል። ሴቲቱ ልጅ በአጨራረስ ብቻ 1፥ በቀሩት 2 2 ሆኖ በድምሩ 9 ታገኛለች። መዝገቡ ተገልብጦ ተነበበ ማለት ነው።

የሁለቱ ዓምድ ትርጓሜ እንደሚከተለው ነው። አወራወሩ መልካም ሆኖ ብዙ የሚገባለት ልጅ ርቀት ይጨመርለት። አወራወሩ መልካም ሆኖ ጥቂት የሚገባለት ልጅ አወራወሩ አይለወጥበት፤ ወደ ቅርጫቱ ይቅረብ፤ ጊዜም ይሰጠው። አወራወሩ መጥፎ ሆኖ ብዙ የሚገባለት ልጅ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ለምን እንደሚታረም በደንብ ይነገረው፤ ሲታረምም በመጀመሪያ የሚገባው ኳስ ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። ሁለቱም የጐደለው ልጅ ከአቋቋም ይጀምር።

አንድ ሰው ብቻውን ሲመዝን ወደሚወደው ልጅ ማዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ሆነው፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያይ መዝነው በመጨረሻ ቢያስተያዩት መልካም ነው። በመንደር ሁለተኛ መምህር ባይገኝ፥ የገና ጨዋታን ወይም የጦር ውርወራን ያዩ ሽማግሌ ይጠሩ። ገና ሲጫወቱ ያደጉ ሽማግሌ፥ ጥንጓ ወዴት እንደምትሄድ ከመሄድዋ በፊት ከመቺው አቋቋምና ከወገቡ አዟዟር ያውቃሉ፤ የቅርጫት ኳስን ሕግ ባያውቁ እንኳ ዓይናቸው የሠለጠነ ነው። 5ቱ ምልክት ከተነገሩዋቸው ከማንም የማያንስ ምስክር ይሆናሉ። የሁለቱ ዋጋ ቢለያይ፥ ልጁን እንደ ገና ያስወረውሩት እንጂ አይከራከሩበት።

6ኛ፤ ዕቃውን ለልጁ ስለ ማስማማት

የአባቱን ጫማ አጥልቆ የሚሄድ ሕፃን አካሄዱ ቢበላሽ ጥፋቱ የእግሩ አይደለም። እንዲሁም በታላላቆች ኳስና በታላላቆች ቅርጫት የሚመረመር ሕፃን አወራወሩ ቢበላሽ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ኳሱ ሲከብደውና ቅርጫቱ ሲርቀው፥ ለማድረስ ሲል ክርኑን ያወጣል፥ ወገቡን ያጣምማል፥ ከደረቱ በሁለት እጁ ይገፋል። መምህሩም ይህን አይቶ ሲያርመው ቢውል፥ የሚታገለው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከዕቃው ጋር ነው።

ስለዚህ ለሕፃናት ጨዋታ የተወሰነው ልክ ሌላ ነው። ቀለበቱ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል፤ የኳሱም ዙሪያ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ታላላቆች ለቅጣት ከሚወረውሩበት መስመር እስከ ሰሌዳው ያለው ርቀት 4 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሕፃን ግን ከዚህ መጀመር አይገባውም፤ ከቅርጫቱ 2 ርምጃ ያህል ቀርቦ ይጀምርና፥ አወራወሩ ሳይበላሽ እስከሚችልበት ድረስ አንድ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። አወራወሩ የሚበላሽበት ስፍራ የዚያ ልጅ የዛሬ ወሰኑ ነው፤ መምህሩም ያን ወሰን በመዝገቡ ይጻፈው።

ይህን ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፥ ብረት ሠሪ ያጐበጠው ቀለበት፥ ከሳንቃ የተሠራ ሰሌዳ ይበቃል። የላስቲክ ኳስ ባይገኝ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ኳስ አይነጥርም እንጂ፥ አቋቋምንና ክርንን ለመልመድ ያገለግላል። ቀለበቱም በምሰሶው ላይ በሁለት ስፍራ እንዲታሰር ሆኖ ቢሠራ፥ ለታናናሾች ዝቅ፥ ለታላላቆች ከፍ ማድረግ ይቻላል።

7ኛ፤ ስለ አስተራረም

ምልክቶቹ 5 ስለ ሆኑ 5ቱንም ባንድ ጊዜ መንገር አይገባም። ሲወረውር ስለ እግሩም ስለ ክርኑም ስለ አንጓውም የሚያስብ ልጅ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። መምህሩ አንዱን ጥፋት ብቻ ይምረጥ፤ ሲመርጥም ከታች ይጀምር፤ የላይኛው ጥፋት ብዙ ጊዜ ከታችኛው ይወለዳልና። ጕልበቱን የማያጥፍ ልጅ ክርኑ የሚወጣው ኀይል ስለሚያጥረው ሊሆን ይችላል፤ ጕልበቱ ሲታረም ክርኑ ሳይነገረው ይመለሳል።

የሚነገረውም ቃል አጭር ይሁን። «ጕልበት»፥ «ክርን»፥ «ጣት» ብሎ አንድ ቃል መናገር፥ ረጅም ስብከት ከማሰማት ይበልጣል። በያንዳንዱም ውርወራ አይናገር፤ ሁልጊዜ የሚታረም ልጅ ራሱን መመርመር ይተዋልና። ሁለት ሦስት ጊዜ ያስወርውረውና «አሁን ምን ተሰማህ? ኳሱ ለምን ወደ ግራ ሄደ?» ብሎ ይጠይቀው። በራሱ ጥፋቱን ያገኘ ልጅ መምህሩ በሌለበትም ይታረማል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲወረውር ሌላው አንዱን ምልክት ብቻ እንዲመለከት ቢደረግም፥ የሚመለከተው ከሚወረውረው ያላነሰ ይማራል።

በጉባኤ ፊት ማሳፈር ከትምህርት ይቈጠራል ማለት አይቻልም። ያፈረ ልጅ ትከሻው ይጨማደዳል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አወራወሩም ይባስ ይበላሻል። አስቀድሞ የቀናው ይነገረው፥ ቀጥሎ የሚቀናው።

ደግሞም ልጁ ዛሬ ከታረመ በኋላ ወዲያው መልካም አድርጎ ቢወረውር፥ ተማረ ብሎ መዝጋት አይገባም። የተማረ መሆኑ የሚታወቀው ሳምንት ቈይቶ ሳይነገረው ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ምርመራው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሁን፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጥቂት ቀን ዘግይቶ፥ ልጆቹም ከሩጫ ሳይደክሙ ይደረግ። ከአንድ ስፍራ ብቻ እየደጋገመ የወረወረ ልጅ በዚያው ቀን ፈጥኖ የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ስፍራውን እየለዋወጠ የተለማመደ ግን ኋላ ይዞ የሚቀረው ይበልጣል።

8ኛ፤ ምልክቶቹ ሕግ እንጂ እስር አለመሆናቸው

ቀድሞ ሰዎች በሁለት እጃቸው ከደረታቸው ይወረውሩ ነበር፤ ብዙዎች መምህራንም ከዚህ የተለየውን እንደ ጥፋት ይቈጥሩት ነበር። በ1936 ዓመት በታኅሣሥ ወር በኒው ዮርክ ከተማ፥ ሃንክ ሉዊሴቲ የሚባል የስታንፎርድ ተማሪ በሩጫ ላይ ሳለ በአንድ እጁ እየወረወረ፥ 43 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን የሎንግ አይላንድ ቡድን ባልንጀሮቹን ይዞ 45 ለ31 ረታው። ከዚያ ወዲህ በአንድ እጅ መወርወር በየስፍራው ተስፋፋ። ኋላም ሪክ ባሪ የሚባል እስከ 1980 የተጫወተ ሰው፥ የቅጣት ውርወራውን ባልንጀሮቹ እየሣቁበት በሁለት እጁ ከጕልበቱ በታች አንሥቶ ይወረውር ነበር፤ ከ100ው ግን 90 ያህሉ ይገባለት ነበር።

ከዚህ መምህሩ የሚማረው ይህ ነው። አወራወሩ እንግዳ ቢመስለውም፥ ልጁ ሁልጊዜ አንድ አድርጎ የሚደግመው ከሆነ፥ ኳሱ ቀጥ ብሎና ከፍ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፥ ኀይሉም ከእግሩ የሚነሣ ከሆነ፥ ለመልክ ብሎ አይለውጥበት። ምልክቶቹ የቆሙት ኳሱ በልክ እንዲሄድ ነው እንጂ ልጆች ሁሉ አንድ እንዲመስሉ አይደለም።

በተለይም ግራኝ የሆነ ልጅ በግራው እንዲወረውር ይፈቀድለት። በቀኙ እንዲያደርግ ማስገደድ ጥቅም የለውም፤ 5ቱም ምልክቶች ለግራ እጅ ያለ ምንም ልዩነት ይሠራሉና። ይህን ሽማግሎችም ለወላጆች ቢያስረዱ ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ስለ ሴቶች ልጆችም፥ ይህ ጨዋታ ለወንዶች ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ጨዋታው ከወጣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1892 ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት በዚያው በማሳቹሴትስ ለሴቶች ተማሪዎችዋ ማስተማር መጀመርዋን ይወቅ። በኦሊምፒክ ወንዶች በ1936 በበርሊን፥ ሴቶችም በ1976 በሞንትሪያል ቅርጫት ኳስ መወዳደር ጀምረዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። መምህሩ ዕቃውን ለልጁ ያስማማ፤ ዓይኑን ከኳሱ ወደ ልጁ ይመልስ፤ 5ቱን ምልክት አንድ በአንድ ይይ፤ የአወራወሩንና የገባውን ቍጥር በሁለት ዓምድ ለይቶ ይጻፍ፤ አንድ ጥፋት ብቻ መርጦ በአጭር ቃል ያርም፤ ሳምንት ቈይቶ ዳግመኛ ይመልከት። ለአንድ ልጅ 10 ውርወራ ማየት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

ይህ ጥቂት ደቂቃ ግን ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቃል በልጅ ልብ ላይም ይጻፋል። ሳይመረምር «ደካማ» ብሎ የጻፈ መምህር፥ ልጁ በገዛ ሰውነቱ ላይ ያለውን እምነት ይቀማዋል። መርምሮ «አቋቋምሽ መልካም ነው፥ ክርንሽ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚቀርሽ ጣትሽ ነው፤ ቅርጫቱንም ጥቂት ዝቅ እናደርግልሻለን» ያለ መምህር ግን፥ ነገ የምትሠራውን ሥራ ሰጥቶ ወደ ቤትዋ ይሰዳታል። በማግስቱም ከሁሉ ቀድማ ከሜዳው የምትገኘው እርስዋ ናት።